ወጠጤ ከቆላ ወደ ጂዳ፦ ቀዝቃዛ የፍየልና የበግ ሥጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ኤምሬትስ እንዴት ይላካል?

ቡና ዋጋው እስኪወጣ መጋዘን ውስጥ ይቆያል፤ ሰሊጥም እንዲሁ። የታረደ ፍየል ግን አይጠብቅም። ከሞጆ ወይም ከቢሾፍቱ ቄራ የወጣ ሥጋ ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ለመድረስ በዘገየ ቁጥር ከዋጋው ይቀነሳል፤ ብዙ ከዘገየም የሚቃጠል ቆሻሻ ይሆናል፣ የማቃጠያውንም ሂሳብ የሚከፍለው ላኪው ነው።

አዲስ የሚገቡ ላኪዎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን ገዢ ፍለጋ ላይ ያፈሳሉ። ገዢ አለ። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የኢትዮጵያ የበግና የፍየል ሥጋ ዋና ደንበኞች ከሆኑ ቆይተዋል። ሥጋው መመለስ አለመመለሱ የሚወሰነው ግን ገዢው ከማየቱ በፊት ነው፤ ፍየሉ ከመኪና በሚወርድበት በረት፣ በማቀዝቀዣ ክፍሉ የመጀመሪያ ሰዓታትና በጤና ሰርተፍኬቱ ላይ። ይህ መመሪያም ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለእነዚህ ነው።

መጀመሪያ ቄራው፣ ቀጥሎ ገዢው

ሥጋ ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው ሁለቱ መንግሥታት አስቀድመው ካልተስማሙ ነጋዴው ምንም ማድረግ ስለማይችል ነው። የተቀባዩ አገር የእንስሳት ሐኪሞች የላኪውን አገር ቁጥጥር ማመን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በምሥራቅ አፍሪካ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በመነሳቱ ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ የቁም እንስሳትን አገደች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ደግሞ በሽታው ራሱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳዑዲና የመን ገባ፤ ሌላ ዙር እገዳም ተከተለ። የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር ለዚያ ትልቅ ዋጋ ከፍሏል። አንድ ቦታ የሚነሳ ችግር የሁሉንም በር ሊያዘጋ እንደሚችል ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚያርዱበት ቄራ በተቀባዩ አገር የተፈቀደለት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ለሳዑዲ ፈቃዱን የሚሰጠው የሳዑዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለኤምሬትስ የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር ነው። ፈቃዱ ለቄራው በስሙና በመለያ ቁጥሩ የሚሰጥ ስለሆነ የአንዱ ቄራ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም። ለዱባይ የተፈቀደለት ቄራም ለጂዳ ላይፈቀድለት ይችላል። ለፍየልና ለበግ የተፈቀደለት ለበሬ ሥጋ እንዲሁ። የራስዎ ቄራ ከሌለዎትና በአገልግሎት ክፍያ የሚያሳርዱ ከሆነ፣ ከመዋዋልዎ በፊት ፈቃዱ በዚያው ሳምንት የጸና መሆኑን ይጠይቁ። የቄራው ባለቤት «አለን» ማለቱ አይበቃም። ከአስመጪዎ ጋር ሆነው በተቀባዩ አገር ዝርዝር ላይ በዓይን ማየት ይገባል፤ የታገደ ቄራ መታገዱን ለተከራዮቹ ሮጦ አይናገርም።

ቀጥሎ የሐላል ማረጋገጫው አለ። በኢትዮጵያ በኩል የሚሰጠው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። ማረጋገጫ የሚሰጠው አካልም በተቀባዩ አገር መታወቅ ስላለበት፣ አስመጪው የሚጠብቀው ሰርተፍኬት የማንን ማህተም የያዘ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ያድርጉ።

አስመጪውን ለማጣራት የኢትዮጵያ ኤምባሲዎች በሪያድና በአቡ ዳቢ፣ ቆንስላዎች ደግሞ በጂዳና በዱባይ አሉ። የገዢውን የንግድ ምዝገባ ወረቀት ቅጂ ተቀብሎ እዚያ ላለው የንግድ ክፍል ማሳየት ምንም ወጪ የለውም። ይህን ሳያደርጉ የመጀመሪያውን ጭነት በእምነት የሚልኩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ያሳዝናል።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ

«ቀዝቃዛ የፍየል ሥጋ፣ 8 ቶን» የሚል ውል የጭቅጭቅ መግቢያ ነው። በውሉ ላይ መስፈር ያለበት የካርካሱ (ቆዳውና ሆድ ዕቃው የወጣለት ሙሉ የታረደ እንስሳ) ክብደት ክልል ነው (ለምሳሌ ከ6 እስከ 9 ኪሎ)፣ ጾታውና ዕድሜው፣ ኩላሊቱና የኩላሊት ስቡ አብሮ ይሄድ እንደሆነ፣ ጅራቱ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ሽፋኑ (ስቶኪኔት የሚባለው ስስ የጥጥ ከረጢት)፣ ሲጫን በታፋው ውስጥ የሚለካው ሙቀትና ከእርድ እስከ ርክክብ የሚፈቀደው ሰዓት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክብደቱ የት ይመዘናል? ትኩስ ካርካስ በማቀዝቀዣ ክፍል ከ2 እስከ 3 በመቶ ውኃ ያጣል። በትኩስ 8.4 ቶን የመዘነ 1,000 ካርካስ በማግስቱ 200 ኪሎ ያህል ቀሎ ይገኛል። ውሉ «ከማቀዝቀዣ ክፍል ሲወጣ ቄራው ላይ የተመዘነ ቀዝቃዛ ክብደት» ካላለ፣ ያንን 200 ኪሎ ገዢው ከሂሳብዎ ላይ ይቀንሰዋል። በመንገድ የሚጠፋው ጥቂት ኪሎም በመቶኛ ተወስኖ ይጻፍ።

ክፍያን በተመለከተ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ሰነድ ሲቀርብለት ባንክ የሚከፍልበት ዋስትና) ለዚህ ሸቀጥ አይመችም፤ ሰነዱ ከባንክ ባንክ ሲዞር ሥጋው ተበልቶ አልቋል። በተግባር የሚሠራው ቅድሚያ ክፍያ ወይም ከሽያጭ በኋላ የሚፈጸም ክፍያ ነው። ለአዲስ ገዢ የመጀመሪያዎቹን ጭነቶች ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ፣ ከዚያም ግማሹን በቅድሚያ እያደረጉ መተማመንን መገንባት ይሻላል። የሚገባው ገንዘብ ባንክ ለጭነቱ በሚሰጠው የመላኪያ ፈቃድ ላይ ከተመዘገበው ጋር መመሳሰል አለበት። ዋጋ ዝቅ አድርጎ አስመዝግቦ ልዩነቱን በጂዳ እጅ በእጅ መቀበል ሕገ ወጥ ነው፤ ሂሳቡ ያልተዘጋ ፈቃድ ደግሞ ቀጣዩን ፈቃድ ያስከለክላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላኪ ያገኘውን የውጭ ምንዛሪ ግማሹን እንዲይዝ ስለተፈቀደለትና የምንዛሪ ተመኑም በገበያ ስለሚወሰን፣ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለማስመዝገብ ይቀርብ የነበረው የድሮ ሰበብ ብዙ ጉልበቱን አጥቷል።

እንስሳው

እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ የሚገኘውም የሚጠፋውም።

የባሕረ ሰላጤው ገዢ የሚፈልገው የእኛን የበዓል ሙክት አይደለም። ሙክት ስብ ይበዛበታል፣ ይከብዳል። እዚያ የሚወደደው ያልተቀጠቀጠ ወጠጤ ነው፤ ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት፣ በቁም ከ15 እስከ 25 ኪሎ፣ ሥጋው ቀላ ያለ፣ ስቡ ስስና ነጭ። ሙሉ ካርካሱ በአንድ ትልቅ ትሪ ሩዝ ላይ ለእንግዳ የሚቀርብ ስለሆነ መጠኑ ልክ መሆኑ ከጣዕሙ እኩል ይታያል። ዕድሜውን በጥርስ ይዩ፤ የወተት ጥርሱን ያልለወጠ ወይም አንድ ጥንድ ብቻ የለወጠ ይውሰዱ። ሁለት ጥንድ የለወጠ ፍየል ርካሽ ቢሆንም ጂዳ ላይ ጠንካራ ሥጋ ተብሎ ይመለስብዎታል።

የሚመረጠው የቆላ እንስሳ ነው፦ ቦረና፣ ሶማሌ፣ አፋር። ምክንያቱ ቀለም ነው። የደጋ በግና ፍየል ሥጋ ከታረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መጥቆር የሚታይበት መሆኑን የኤክስፖርት ቄራዎች ለዓመታት አውቀውታል። ገዢው የጠቆረ ሥጋ ሲያይ የቆየ ነው ብሎ ይገምታል፤ የእርድ ቀኑን ቢያሳዩትም አያምንም። ይህን ችግር ለማባባስ ደግሞ የቆላውን እንስሳ ማንገላታት በቂ ነው። እንስሳ ሲደክም፣ ሲራብና ሲፈራ በጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳር ያልቃል። ከእርድ በኋላ ያ ስኳር ነው ወደ አሲድነት ተለውጦ የሥጋውን ፒኤች (አሲድነቱ ሲጨምር የሚቀንስ መለኪያ) ከ7 ወደ 5.5–5.8 የሚያወርደው። ስኳሩ ካለቀ ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ባክቴሪያም ቶሎ ይራባበታል።

ከያቤሎ እስከ ሞጆ በአይሱዙ የሚመጣ ፍየል ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ቆሞ ይጓዛል። ከዚያ ወርዶ በቀጥታ ወደ እርድ የሚገባ ከሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ ይደርሳል። በረት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይረፍ፤ ሩቅ የመጣ ከሆነ ሙሉ ቀን። ውኃ ሳይቋረጥ ይሰጠው። መኖ ከእርድ 12 ሰዓት በፊት ይቁም፤ የሞላ ጨጓራ ሲወጣ በቀላሉ ይቀደዳልና። የተለያየ መንጋ አይቀላቅሉ፤ ወጠጤዎች ሌሊቱን ሲዋጉ ያድራሉ፣ ያ ድካም ጠዋት ፒኤቹ ላይ ይታያል።

ሲያወርዱ ፍየልን በጸጉሩ፣ በቀንዱ ወይም በአንድ እግሩ መጎተት ልማድ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ ጣት በተጨመቀበት ቦታ ሁሉ ደም ቋጥሮ ይታያል፤ በዱላ የተመታ ወገብም እንዲሁ። ያ ቦታ ተቆርጦ ይጣላል፣ የተቆረጠ ካርካስም በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። ለአውራጆቹ በጥቂቱም ቢሆን ደም ያልቋጠረ ጭነት ላይ ጉርሻ መስጠት ከማንኛውም ሥልጠና የተሻለ ውጤት አለው።

ሰብሳቢ ነጋዴውን የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ መድኃኒት ነው። የደከመ ፍየል ለገበያ እንዲቆም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መውጋት የተለመደ ነው፤ የረጅም ጊዜ መርፌው ከሥጋው ለመጥፋት ብዙ ጊዜ 28 ቀን ይፈልጋል፣ ትክክለኛው ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። የመድኃኒት ቅሪት ተቀባዩ አገር በናሙና ሲያገኝ የሚታገደው ቄራው ነው። ስለዚህ የሚሻለው ያ የቀን ቁጥር እስኪያልፍ በራስዎ ማቆያ በረት አቆይቶ ማሳረድ ወይም ከሚያውቁት ሰብሳቢ ብቻ መግዛት ነው። ከእርድ በፊት የሚደረገውን ምርመራ የሚያካሂደው የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም አፍተግር፣ ፒፒአር (የበግና ፍየል ደስታ የሚባለው በሽታ)፣ የፍየል ሳንባ በሽታና ፈንጣጣ ይፈልጋል። አፍንጫው የሚፈስ ወይም የሚያስል ፍየል ከተገኘ መንጋው በሙሉ ሊቆም ይችላል፤ እንደዚህ ያለውን ራስዎ ቀድመው ይለዩ።

ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ እንየው፤ ዋጋው ለስሌት ብቻ የተወሰደ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ወጠጤ በቁም ኪሎው 300 ብር ቢገዛ 6,000 ብር ነው። ከቁሙ 42 በመቶ ሥጋ ቢሰጥ 8.4 ኪሎ፣ ቀዝቅዞ ወደ 8.2 ይወርዳል፤ የአንድ ኪሎ ሥጋ የእንስሳ ወጪ 732 ብር አካባቢ ይሆናል። ያው ፍየል ሆዱ ሞልቶ በሚዛን ላይ ቢወጣና 39 በመቶ ብቻ ቢሰጥ ኪሎው 789 ብር ይደርሳል። የሦስት በመቶ ልዩነት በኪሎ 57 ብር በላች። ገበያ ላይ ፍየል ከመመዘኑ በፊት ጨው አልሶ ውኃ የሚያጠጣ ነጋዴ ይህን ሂሳብ በደንብ ያውቀዋል። ጠዋት ውኃ ሳይጠጣ ይመዝኑ፤ ወይም ክፍያውን በቁም ክብደት ሳይሆን በተገኘው ካርካስ ክብደት ይዋዋሉ።

እርዱ

የባሕረ ሰላጤው አገሮች የእርድ ደረጃ ጂኤስኦ 993 ነው። አራጁ ሙስሊም፣ አቅሙና አእምሮው የተሟላ ሆኖ የአላህን ስም ጠርቶ፣ በተሳለ ቢላ በአንድ ጊዜ የአየርና የምግብ ቧንቧዎቹን ከሁለቱ የአንገት ደም ሥሮች ጋር ይቆርጣል። ራሱ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም፤ እንስሳው ከመሞቱ በፊት ቆዳ መግፈፍ ወይም እግር መቁረጥ ሥጋውን ሐራም ያስደርጋል። ፊትን ወደ ቂብላ ማዞር ይወደዳል። ሞጆና ቢሾፍቱ ከመካ በስተደቡብ በቀጥታ መስመር ላይ ስላሉ አቅጣጫው ሰሜን ሆኖ በጣም ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ አዲስ የእርድ መስመር ሲዘረጋ ይህን ከግንባታው በፊት ማስላት ያዋጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ንጽሕና ነው። አንዱ እጅ ቆዳ ከያዘ ሌላው እጅ ብቻ ሥጋ ይንካ። ጸጉሩ የካርካሱን ገጽ አይንካ። ሆዱ ከመከፈቱ በፊት ጉሮሮውና ፊንጢጣው ይታሰር። ቢላዋ ከአንዱ ፍየል ወደ ሌላው ሲሄድ 82 ዲግሪ በደረሰ ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ለዚህም እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ቢላ ያስፈልገዋል፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ውኃ ውስጥ እንዲቆይ። ቆዳ በቀላሉ እንዲለቅ በአፍ መንፋት ቤት ውስጥ የተለመደ ቢሆንም ቄራ ላይ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከሰው ሳንባ የወጣ እርጥበት በቀጥታ ሥጋው ላይ ይቀመጣልና። ሆድ ዕቃው ከእርዱ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይውጣ።

ቅዝቃዜው

ብዙ ሰው ማቀዝቀዝ ማለት ቶሎ ማቀዝቀዝ ይመስለዋል። በ8 ኪሎ የፍየል ካርካስ ላይ ይህ አደገኛ ነው። ሥጋው ቀጭን ነው፣ የሚሸፍነው ስብም የለውም። ፒኤቹ ገና ከ6 በላይ ሳለ ጡንቻው ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ይኮማተራል፤ ያ ሥጋ ምንም ያህል ቢቀቀል ጎማ ሆኖ ይቀራል። የጂዳ ገዢ «ፍየላችሁ አርጅቷል» ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕድሜ ሳይሆን የዚህ ነው። መፍትሔው ክፍሉን በሁለት ደረጃ ማስኬድ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት የታፋው ውስጥ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ አድርጎ ማብረድ፣ ከዚያ ክፍሉን ከ0 እስከ 2 ዲግሪ አውርዶ እስከ 24ኛው ሰዓት ማድረስ። ሲጫን የታፋው ውስጥ ከ4 ዲግሪ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከ7 በላይ ከሆነ ግን አይጫን።

ካርካሶቹ አይነካኩ። ተጠግተው የተንጠለጠሉት በሚነካኩበት ቦታ አየር ስለማያገኙ ሳይቀዘቅዙ ያድራሉ፤ ጠዋት ሲለያዩ እዚያው ቦታ ላይ እርጥብና ዝልግልግ ነገር ይገኛል። የክፍሉ እርጥበት ከ85 እስከ 90 በመቶ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ሥጋው ይደርቃል፣ ገጹ ይጠቁራል፣ ክብደቱም ይጠፋል፤ ከበለጠ ደግሞ ይላቁጣል። ከታጠበ በኋላ ውኃው ሳይንጠፈጠፍ ወደ ክፍል የገባ ካርካስ በተመሳሳይ መንገድ ይበላሻል። ስቶኪኔቱ የሚለብሰው ገጹ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ትኩስ ሥጋ ላይ የለበሰ ጨርቅ ደም መጥጦ ይጣበቃል፣ ገበያ ላይ ሲገለጥም ያስጠላል።

ክፍሉ ላይ ያለው ሰሌዳ የሚያሳየው የአየሩን ሙቀት ነው። እርስዎን የሚመለከተው የታፋው ውስጥ ነው። ሹል ጫፍ ያለው ቴርሞሜትር አጥንቱን ሳይነካ በወፍራሙ የታፋ ሥጋ መሐል ይሰካ፤ በሩ አጠገብ፣ መሐልና ጥግ ላይ ካሉት ቢያንስ አሥር ካርካሶች ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ሐኪሙ ይፈርምበት።

ወረቀቱ

አንድ ጭነት የሚይዛቸው ሰነዶች የባንክ ፈቃድ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የሚሰጥ የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት፣ የሐላል ሰርተፍኬት፣ ከንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የሚወጣ የሥሪት አገር ሰርተፍኬት፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ኤርዌይ ቢል (የአየር ጭነት ሰነድ) ናቸው። ኤምባሲ ላይ መረጋገጥ ያለበት ሰነድ ካለ አስመጪው ከመጫኑ በፊት ይናገር፤ ሥጋው አየር ላይ ሳለ የሚመጣ ጥያቄ መልስ የለውም።

ሰነድ የማያሟላ ላኪ ጥቂት ነው። ጭነት የሚታሰረው በሰነዶቹ መካከል ባለ ትንሽ ልዩነት ነው። የጤና ሰርተፍኬቱ 1,000 ካርካስ ይላል፤ ሲጫን 6ቱ በሙቀት ተመለሱና ኤርዌይ ቢሉ 994 አለ። የአስመጪው ስም በአንዱ ላይ «አል» አለው፣ በሌላው የለውም። የቄራው ቁጥር በመለያው ላይ ካለው አንድ አኃዝ ተለየ። በእስክሪብቶ ተሰርዞ ማህተም ያላረፈበት ቁጥር አለ። በመድረሻው ያለ ተቆጣጣሪ የእርስዎን ቅንነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ሁለቱ ወረቀቶች አለመመሳሰላቸውን ነው። ስለዚህ የጤናና የሐላል ሰርተፍኬቶች የመጨረሻው ቆጠራ ከተጠናቀቀ በኋላ እንዲታተሙ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

ቀን ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የእርድ ቀን ጂዳ ላይ ሲነበብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የቆየ ሥጋ ይሆናል። በመለያውም በሰርተፍኬቱም ላይ የፈረንጅ ቀን ብቻ ይግባ፣ ወሩም በፊደል ይጻፍ፣ ቀንና ወር እንዳይምታቱ። የሰዓት ጉዳይም አለ፤ እኛ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የምንለው በረራ በኤርዌይ ቢሉ ላይ ረቡዕ ነው። ሹፌሩም፣ ትራንዚተሩም፣ ሐኪሙም አንድ ዓይነት ቀን መናገራቸውን ሳያረጋግጡ መኪና አያስነሱ። ሳዑዲ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

እያንዳንዱ ካርካስ ላይ የሚንጠለጠለው መለያ በዓረብኛ የምርቱን ስም፣ የሥሪት አገሩን፣ ቄራውንና ቁጥሩን፣ የእርድና የማብቂያ ቀኑን፣ የአቀማመጥ ሙቀቱንና የሐላል ምልክቱን ይያዝ። የማብቂያ ቀኑን ከአስመጪው ጋር ተነጋግረው በተቀባዩ አገር ደረጃ መሠረት ይወስኑ፤ ከተፈቀደው በላይ ቀን መጻፍ ብቻውን ያስመልሳል።

ከሞጆ እስከ ቦሌ፣ ከቦሌ እስከ ጂዳ

በፈጣን መንገዱ ከሞጆ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፤ የከተማው መጨናነቅ ግን አይታመንም። የማቀዝቀዣ መኪናው ከመጫኑ በፊት ባዶውን ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይብረድ። ማቀዝቀዣው የቀዘቀዘውን በነበረበት ለማቆየት የተሠራ ነው፤ ሞቅ ያለ ሥጋ ጭኖ በመንገድ ይበርዳል ማለት ከንቱ ተስፋ ነው። ካርካሶቹ ይንጠልጠሉ፤ ወለል ላይ ከተከመሩ ከታች ያሉት ይጨፈለቃሉ።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን ከማቀዝቀዣ ክፍል ወጥቶ አውሮፕላን ላይ እስኪወጣ ባለው ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ካርጎ ቦሌ ላይ ለቶሎ ተበላሽ ጭነት ማቀዝቀዣ ክፍሎች አሉት፤ ቢሆንም በረራ ሲዘገይ የተዘጋጀ ጭነት ውጭ ሊቆም ይችላል። ጭነቱን በሙቀት መከላከያ ሽፋን ይሸፍኑ፣ በጭነቱ መሐልና ጠርዝ ላይ ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ ይቅበሩ። ጂዳ ላይ ነሐሴ ሌሊትም ከ30 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ የተቀባዩ መኪና በረራው ሲያርፍ ደርሶ መጠበቅ አለበት። የሰነዶቹን ቅጂ በረራው ከመነሳቱ በፊት በስልክ ይላኩለት፣ ኦሪጂናሉ ከጭነቱ ጋር ይሂድ።

የዕረፍት ቀኖችን አይርሱ። ሳዑዲ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ የኤምሬትስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ በግማሽ ቀን ዘግተው ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ እሑድ የሉም። አንድ ሰነድ ላይ ስህተት ቢገኝ ሁለቱም ወገን ሙሉ ቀን ቢሮ ተገኝተው የሚያርሙት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። አዲስ ገዢ ጋር የመጀመሪያውን ጭነት ሐሙስ ማታ አይላኩ።

የበዓላት ሂሳብ

የባሕረ ሰላጤው ፍላጎት በረመዳንና ከዒድ አል-አድሐ በፊት ይጨምራል። የእኛ የእንስሳት ዋጋ ደግሞ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ይሰቀላል፣ በዐቢይ ጾም ይረግባል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚጎተት የሁለቱ መገናኛ ይቀያየራል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ረመዳን የካቲት 11 ገቡ፤ አገር ውስጥ ሥጋ ሳይበላ ውጭ የሚፈለግበት፣ ለላኪ እጅግ የሚመች ዓመት ነበር። በ2019 ግን ረመዳን የካቲት መባቻ ላይ ገብቶ በወሩ ማብቂያ እንደሚወጣ ይጠበቃል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚገባው የካቲት 29 ነው። ረመዳኑ ከሞላ ጎደል በሙሉ የአገር ውስጥ ሥጋ ቤት በሚሻማበት ወቅት ያልፋል ማለት ነው። ለዚያ ረመዳን የሚያስፈልገውን እንስሳ ጥር ላይ ገበያ ወጥቶ ከመሻማት፣ ከጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ ከሰብሳቢ ማኅበራት ጋር ተዋውሎ በማቆያ በረት መያዝ ይሻላል። የመኖው ወጪ ቢከብድም ባዶ በረት ይዞ የቀጠሮ ጭነት ማጓደል የበለጠ ይከብዳል። በድንበር በኮንትሮባንድ የሚወጣው የቁም እንስሳ ዋጋውን ከላይ ሆኖ ስለሚጎትተው ጥር ላይ የሚጠብቅዎ ገበያ ከሚያስቡት ይብሳል።

ቅሬታ ሲመጣ

ገዢው ፎቶ ልኮ «ጠቁሯል፣ 15 በመቶ ቀንስ» ሲል ወዲያው አይቀንሱም፣ ወዲያው አይጣሉም። መጀመሪያ ሙቀት መዝጋቢውን እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። የመዘገበው የሙቀት መስመር ከቄራ እስከ ቦሌ ቀጥ ብሎ ጂዳ ካረፈ በኋላ ከወጣ ጥፋቱ የተቀባዩ መኪና ነው። ቦሌ ላይ ከወጣ የጭነት ቅሬታዎን ለአየር መንገዱ በተወሰነው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስገቡ፤ በቃል የቀረበ ቅሬታ አይቆጠርም። መስመሩ እስከ መጨረሻ ቀጥ ያለ ሆኖ ሥጋው ከጠቆረ ግን ወደ በረቱ ይመለሱ፤ የዚያን ቀን እንስሳት ከየት መጡ፣ ስንት ሰዓት አረፉ፣ ከመጫኑ በፊት ፒኤቻቸው ስንት ነበር? ከእያንዳንዱ እርድ ከ20 እስከ 30 ካርካስ ፒኤች እየለኩ ከሰብሳቢው ስም ጋር የሚመዘግቡ ከሆነ መልሱ በአምስት ደቂቃ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከአንድ ሰብሳቢ ወይም ከአንድ መኪና ጋር ይያያዛል። ያንን ለይተው ካቆሙ፣ ለገዢው የተበላሹትን ብቻ ቆጥረው ከከፈሉና ቀጣዩን ጭነት ፒኤቹ ከተመዘገበ ዝርዝር ጋር ከላኩ፣ ስለ መቶኛ ቅናሽ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው እዚያው ይቆማል።